በር ላይ የደረሰው መልእክት

ኦቦ ባቻ የተገኙት ከጓሮው ዕቃ ቤት ደጃፍ በአፍ ጢማቸው ተደፍተው ነው። አንዱ ነጠላ ጫማ በእግራቸው አለ፤ ሌላው የጎመኑ መደብ ላይ ወድቋል። ማጅራታቸው በአንድ ምት ተሰብሯል። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ፖሊስ ሲደርስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ኢንስፔክተር መርጋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ቀርቶታል። ማስታወሻ አይዝም፤ የሰማውንም አይረሳም። ሲነሳ በዕቃ ቤቱ ጥግ ወዳለው ሙቀጫ ሄደ። ዘነዘናውን በመሐረብ ይዞ አወጣና ጫፉን በጣቱ ጀርባ ነካው። እርጥብ ነው።

«ዛሬ ምን ተወቀጠ?»

«ምንም ጌታዬ። እሑድ ሠራተኛዋ አትመጣም» አለ ሳጅን ቶላ።

«ታዲያ ይህን ማን አጠበው?»

ቶላ ጥያቄውን አለፈው። «ሰውየው ተይዟል።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ዘበኛው፣ አራጋው። ከኪራሙ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። አራት ተኩል ግድም ወደ ሳሎን ሲገባ ጎረቤት አይታዋለች። ሐኪሙም ሞቱ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ነው ይላል። ካሜራውን ከሶኬት መንቀሉን ራሱ አምኗል።»

«አምኗል ወይስ ተናግሯል?»



ኦቦ ባቻ ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው ናቸው። በግቢው ከእሳቸው ሌላ የሚኖሩት ሦስት ናቸው። አንዱ የእህታቸው ልጅ ኤባ ነው፤ የእናቱ ወንድም ስለሆኑ «ኤሱማ» ይላቸዋል። ሁለተኛው የጓሮዋን ክፍል የተከራየው መምህር አላዛር ነው። ሦስተኛው አራጋው ነው። አንድ ልጃቸው ደራርቱ አዲስ አበባ ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት በግቢው ዙሪያ አራት ካሜራ አስተክላ ከስልኳ ጋር ያገናኘችው እሷ ናት። እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ስልኳን ትከፍታለች፤ አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወደ ካሜራው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ትደውላለች። በዚህ እሑድ ስትከፍት ጨለማ ነበር። ስትደውልም አላነሱም።

አራጋው በዘበኛ ክፍሉ፣ በአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«አካም ጂርታ» ብሎ ሰላም አለው መርጋ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «አያ አራጋው፣ በየትኛው ቋንቋ እናውራ?»

«ኦሮምኛውንስ እችለዋለሁ ጌታዬ፤ ጎርምሼበታለሁ፣ ሸብቼበታለሁ። ሲጨንቀኝ ግን አፌ ወደ እናቴ ነው የሚሄደው።»

«እንግዲያው በእናትህ ቋንቋ ንገረኝ። ሳሎን ለምን ገባህ?»

«ደራርቱ ደወለችልኛ። ካሜራው ጠፍቷል፣ ነቅለህ ሰካው አለችኝ። ሁልጊዜም እንደዚያው ነን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ነገሩ ይደነዝዛል። እነቅለዋለሁ፣ እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ እሰካዋለሁ። ሙያዬ ያችው ናት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እምቢ አለ። ሁለቴ ነቅዬ ሰካሁት። አልመጣም አለች። እንግዲህ ኔትወርክ ነው ብለን ተውነው።»

«ኦቦ ባቻን አላየሃቸውም?»

«ወንበራቸው ባዶ ነበር። ጎመናቸውን ሊያዩ ወርደው ይሆናል አልኳት...» አንገቱን ደፋ። «ወርጄ ባይ ምን ነበረበት።»

«ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«በኔ በር ኤባ ሦስት ሰዓት ላይ ለጸሎት ወጣ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሌላ የለም። በጓሮው አጥር ግን እንኳን ሰው ጥጃ ይሾልካል። ካሜራውን አስከፍቱት ጌታዬ፤ ሁሉንም አይቷል። እሱ ካልመሰከረልኝ ስቀሉኝ።»

መርጋ ወደ ውጪው በር ሲሄድ ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ድምፁን ሳይደብቅ «ያጎረሳቸውን እጅ ነከሰ» ይላል። ሌላው «ዛሬውኑ ከሰፈር ይውጡልን» ይላል። በሰፈሩ ተከራይታ የምትኖረው የአራጋው ሚስት ደብሪቱ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። መርጋን ስታይ ተነሳች።

«ማክሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል አሉኝ።»

«አዎ።»

«ከኪራሙ የለበስነውን ይዘን ነው የወጣነው። ሁለተኛ የምሸሽበት አገር የለኝም። ይህችን ብቻ ይወቁልኝ።»

«አውቄዋለሁ» አላት። ሌላ አልጨመረም፤ የማይጠብቀውን ቃል ሰጥቶ አያውቅም።

ኤባ በረንዳው ላይ፣ በአጎቱ ወንበር አጠገብ ቆሟል። የጸሎት ልብሱን አላወለቀም። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ደራርቱ ስትደውል አላነሳህም ትላለች።»

«ጸሎት ላይ ነበርኩ፣ ድምፁን አጥፍቼዋለሁ። በቴሌግራምም ጽፋልኝ ነበር። አላየሁትም፤ ዳታ የለኝም። ፓኬጄ ዓርብ ነው ያለቀው።»

«መቼ አየኸው?»

«ስመለስ። ድምፁን መልሼ ነበር። ከበሩ ስገባ ስልኬ ዋይፋዩን ያዘና ጢን አለ። ‹አባዬን እይልኝ› ይላል። ሮጥኩ፤ ጓሮ ወድቆ አገኘሁት።»

«ከበሩ ስትገባ።»

«አዎ፣ ከአራጋው ጋር ሰላም እየተባባልን። ይጠይቁት፣ እሱም ሰምቷል። ስድስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ነበር።»

«በጸሎቱ ላይ ከማን ጋር ተቀመጥክ?»

«ሺህ ሰው ነበረ ኦቦ መርጋ። ስገባም ስወጣም ያዩኝ አሉ።»

«መልካም» አለ መርጋ። «ሐዘንህን ያቅልልህ።»

መምህር አላዛር የኮምፒውተር አስተማሪ ነው። ኦቦ ባቻ ክፍሉን ለዘመድ እፈልገዋለሁ ብለው በወሩ መጨረሻ ልቀቅ ብለውታል። ቶላ ይህን በመርጋ ጆሮ ሹክ ብሎ ነው ያስገባው።

«ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የት ነበርክ መምህር?»

«ክፍሌ። ፈተና ሳርም።»

«ምስክር አለህ?»

«የሰባ ሁለት ተማሪ ስሕተት።»

መርጋ ሊስቅ ነበር፤ ተወው። «ድምፅ ሰማህ?»

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር። ከኢንተርኔት ዘፈን እየሰማሁ አራት ሰዓት ግድም ተቋረጠ፤ ከዚያ ስልኬ ውስጥ ያለውን ቀጠልኩ። ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው።»

«ኔትወርክ ነዋ። መች ይጠፋብናል።»

«አይደለም። ኔትወርክ ሲሄድ ኢንተርኔቱ ነው የሚሄደው፤ የዋይፋዩ ስም ስልኩ ላይ ይቆያል። ዛሬ ስሙ ራሱ ከዝርዝሩ ጠፋ። እስካሁንም የለም።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን ይህን ሁሉ ከምትጠይቁኝ የካሜራውን ቅጂ ለምን አታዩም? እዚያ ላይ እለይ የለም?»

«ከኦቦ ባቻ ጋር መጨረሻ የተነጋገራችሁት ምን ነበር?»

አላዛር አሰበ። «ቅዳሜ ማታ አንድ የትምህርት ማስረጃ ይዘው መጡ። መነጽሬ ተሰብሯል፣ ቀኑን አንብብልኝ አሉኝ። ሁለት ሺህ አሥራ አራት ይላል አልኳቸው። ፊርማው የሳቸው ነው። እሳቸው ግን ጡረታ የወጡት አሥራ ሁለት ላይ ነው። የባለማስረጃውን ስም በአውራ ጣታቸው ሸፍነውታል። ‹ሰኞ ይለይለታል› ብለው ሄዱ።»

በሟቹ ኪስም በክፍላቸውም እንዲህ ያለ ወረቀት አልተገኘም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ኬኔ መጣች። ካሜራውን የተከለችው እሷ ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት። መርጋ ያለው ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ የማያውቅ ስለሆነ፣ ሐኪም እንደሚጠይቅ በሽተኛ ፊቷ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ ቅጂውን አሳዪኝ።»

«ቅጂ የለም ኦቦ መርጋ። የመቅጃው ሃርድ ዲስክ ከተበላሸ ሦስት ሳምንት ሆነው። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አውጥቼዋለሁ። ካሜራው አሁን ያያል እንጂ አያስታውስም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ኦቦ ባቻ ያውቁ ነበር። ኤባም ስፈታው በስልኩ መብራት ያበራልኝ ነበር። ለደራርቱ እንዳትጨነቅ አልተነገራትም። ለአራጋውም አትንገሩት አሉ ኦቦ ባቻ፤ አይቀዳም ከተባለ እንቅልፍ ይወስደዋል ብለው ሳቁ።»

መርጋ አልሳቀም። «አሁን ለምን በስልክ እንደማይታይ ፈልጊልኝ። የምታደርጊውን እየነገርሽኝ።»

ኬኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተንበረከከች። «ኃይል አለው። አራቱም ካሜራ እዚህ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ስለዚህ መቅጃው ጤነኛ ነው። ዋይፋይ ወደሚሰጠው ራውተር የሚሄደውን ገመድ እንይ።» ገመዱን ነቅላ ሌላ ሰካች። «መብራቱ ብልጭ ይላል። ገመዱም ደህና ነው። የራውተሩ ሲም ካርድም ይሠራል።»

«ታዲያ የታመመው ምኑን ነው?»

መልስ ሳትሰጠው የመቅጃውን ቅንብር ከፈተች። አንድ ቁጥር አነበበች፤ ራውተሩን አንስታ ታችኛውን ፊቱን አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ራውተሩ በቤቱ ላለ ዕቃ ሁሉ ቁጥር ያድላል፤ እንደ ቤት ቁጥር ይቁጠሩት። ስተክለው የሚያድለውን ቁጥር ቀይሬ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዱን ለመቅጃው ቋሚ አድርጌ ሰጠሁት። አሁን ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት ወደ መጣው ቁጥር ተመልሷል። መቅጃው በድሮ ሰፈሩ ቆሞ ይጣራል፤ የሚሰማው ግን የለም።»

«መብራት ሲጠፋ እንዲህ ይሆናል?»

«ቢሆን ኖሮ በሳምንት አምስት ቀን እዚህ እውል ነበር።»

«ነቅሎ መሰካትስ?»

«ሺህ ጊዜ ይንቀሉት፣ አይረሳም። የሚረሳው በዚህች ቀዳዳ መርፌ ከተው አሥር ሰከንድ ሲጫኑት ብቻ ነው።» በጣቷ አሳየችው። በራውተሩ ጀርባ አቧራ ተጋግሯል፤ በቀዳዳዋ ዙሪያ ብቻ ተጠርጓል። «የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድም ጠፍቷል። አሁን የሚሠራው ሥሩ ላይ የተለጠፈው ነው። የኔም ስልክ አይይዘውም።»

መርጋ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋን አየ። ከዚያ «አትንኪው፤ እንዳለ ይቆይ። ለማንም አትንገሪ» አላት።

ወጥቶ ቶላን ጠራው። «ራውተሩ አጠገብ ፖሊስ አቁም። ማንም እንዳይደርስበት። ነገ መሥሪያ ቤቶች ሲከፈቱ ደግሞ ወደ ኤባ ሥራ ቦታ ሂድና የቅጥር ማኅደሩን አምጣልኝ።»

«የኤባን? ዘበኛውስ?»

«ለዘበኛው ሻይ ስጠው።»

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ገቡ። ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው። ደራርቱ በጠዋቱ አውሮፕላን ደርሳለች፤ ፊቷ አብጧል። አላዛር መስኮቱ ሥር፣ ኬኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። አራጋው በሁለት ፖሊስ መሃል ቆሟል፤ ደብሪቱ ከኋላው። ኤባ የቀብሩን ጉዳይ የጻፈበት ወረቀት በእጁ ነው። መርጋ አልተቀመጠም።

«ቶሎ እንጨርስ» አለ ኤባ። «ሰው እየጠበቀን ነው።»

«እንጨርሳለን። ኦቦ ባቻን የገደለው ሰው መጀመሪያ ካሜራውን አጠፋ። አራት ከሩብ ላይ ደራርቱ ስልኳን እንደምትከፍት ያውቃል ማለት ነው። መቅጃውን ግን አልነካውም። ሌባ ቢሆን ብብቱ ሥር አድርጎት ይሄድ ነበር። ይህ ሰው ለምን ተወው?»

መርጋ ራሱ መለሰ።

«እንደማይቀዳ ስለሚያውቅ። ዲስኩ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አራጋው ‹ካሜራውን አስከፍቱት፣ ካልመሰከረልኝ ስቀሉኝ› አለኝ። መምህሩም ቅጂውን እዩ አለኝ። የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።»

«ኬኔም ታውቃለች» አለ ኤባ።

«እኔ ትናንት በዚያው ጸሎት ከመዘምራኑ ጋር መድረክ ላይ ነበርኩ» አለች ኬኔ። «አንተን ግን አላየሁህም።»

መርጋ እጁን አነሳ። «ሁለተኛ። ገመዱን ብቻ ቢነቅለው ምን ይሆናል? ደራርቱ ለአራጋው ትደውላለች፣ አራጋው ይሰካዋል፣ ካሜራው ይመለሳል። የዚህ ቤት ልማድ ይህ ነው። ገዳዩ ልማዱን ያውቃል። ተነቅሎ ተሰክቶ የማይመለስ ብልሽት ፈለገ። ራውተሩን በመርፌ ወጋው፤ ራውተሩም የቤቱን ቁጥር ሁሉ ረሳ። አራጋው እንደ ልማዱ ገብቶ ነቀለ፣ ሰካ። ጎረቤት አየችው። ገዳዩ ካሰበው በላይ ተሳካለት።»

ደራርቱ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። «እኔ ነኝ ያስገባሁት።»

«አንቺ አይደለሽም» አላት መርጋ። «መምህር፣ ስልክህ ዋይፋይ ይይዛል?»

«ከትናንት አራት ሰዓት ጀምሮ አይይዝም።»

«ኤባ፣ የአንተስ?»

ኤባ ኪሱን በእጁ ነካ። «አላየሁትም።»

«ትናንት ከበሩ ስትገባ ያዘ ብለኸኛል። ከዚያ ወዲህ ፓስወርድ የሰጠህ አለ?»

«ለምን ይሰጠኛል? ስልኬ ያውቀዋል።»

«ዳታስ ሞላህ?»

«በሐዘን መሃል ፓኬጅ ልገዛ?»

«ደራርቱ» አለ መርጋ ፊቱን ሳይመልስ፣ «የትናንቱን መልእክት ድገሚለት።»

ደራርቱ ስልኳን አወጣች። መልእክቱን ላከችው። ከደጅ የለቀስተኛ ማጉረምረም ይሰማል።

ከኤባ የደረት ኪስ ጢን አለ።

«‹አባዬን እይልኝ› ነው የሚለው» አለ መርጋ። «የቤቱ ዋይፋይ ከትናንት አራት ሰዓት ጀምሮ አዲስ ስምና አዲስ ፓስወርድ ነው ያለው። የሌላው ሰው ስልክ ሁሉ ከቤቱ ውጪ ቀርቷል። የተጻፈው ራውተሩ ሥር ነው። ያንን ማወቅ የሚችል ሳሎን ገብቶ፣ ራውተሩን ገልብጦ ያነበበ ሰው ነው።»

«ድሮ... ድሮ ስልኬ ላይ የነበረ ይሆናል።»

«ከካርቶኑ ባወጣሁት ቀን ነው የቀየርኩት» አለች ኬኔ። «በዚህ ቤት ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።»

«ማታ አስገብቼው ነው እንግዲህ።»

«ማታ ፖሊስ አጠገቡ ነበረ። ደግሞም አሁን የሰጠህ እንደሌለ፣ እንደማያስፈልግህ ነገርከን። ደራርቱ፣ መልእክትሽ መቼ ደረሰው?»

«ስድስት ሰዓት ከሦስት ላይ አነበበው። ስልኩ ላይ አፍጥጬ ነበርኩ።»

«በሩ ላይ» አለ መርጋ። «ከጸሎት ገና ሲመለስ፣ ዳታ ሳይኖረው፣ ቤት ሳይገባ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ አራጋውንም ምስክር ቆጠረልኝ። አልዋሸም፤ ስልኩ በእርግጥ ይዟል። ከጸሎቱ መሃል ወጣ፣ በጓሮ አጥር ገባ፣ ራውተሩን ወጋ። ካሜራው በእርግጥ መጥፋቱን ማየት ነበረበት፤ ለዚያ ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ፓኬጁ ዓርብ አልቋል። ስለዚህ ተለጣፊውን አነበበና ስልኩን አስገባው። ዘነዘናውን ማጠብ አስታወሰ፤ ስልኩ የያዘውን ማስረሳት ግን ረሳ።»

ቶላ ማኅደሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ከውስጡ አንድ የትምህርት ማስረጃ ግልባጭ አለ። የኤባ ስም፣ የኦቦ ባቻ ፊርማ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም.።

ደራርቱ ፊርማውን ብዙ አየችው። «አባዬ ‹ባ›ን እንዲህ አይጽፍም» አለች በቀስታ። «ሆዷን ያሰፋታል።»

ኤባ የቀብሩን ወረቀት አጥፎ አጥፎ ትንሽ አደረገው። «ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ማንን በደልኩ? ኤሱማ ግን ‹ሰኞ ሄደህ ካልተናገርክ እኔ እሄዳለሁ› አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጀርባውን አዞረብኝ።» የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ቢያየኝ ኖሮ አልመታውም ነበር።»

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለ መርጋ።

ወሰዱት። ደራርቱ ተነስታ አራጋው ፊት ቆመች።

«አብሽሪ ልጄ» አላት አራጋው። «ሲጠፋ መንቀል ነው፤ ሌላ ምን እናውቃለን።»

ኬኔ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተንበርክካ ቁጥሮቹን እየመለሰች ነበር። የደራርቱ ስልክ በራ፤ የበረንዳው ባዶ ወንበር ታየ። ደራርቱ ስልኩን ደረቷ ላይ ደፋችው።

አራጋው ዱላውን አንስቶ ወደ ደጅ ወጣ። ደብሪቱ ተከተለችው። መርጋ በረንዳው ላይ አገኛቸው።

«ወዴት ነው አያ አራጋው? ተለቀሃል እኮ፤ ሂድና ዕረፍ።»

«ወደ በሩ ጌታዬ» አለ አራጋው። «ለቀስተኛው ቆሟል። የሚከፍትለት የለም።»

ትናንት ‹ይውጡልን› ያለው ሰው ከፊት ነበር። አራጋው ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተ፤ ሰውየው አንገቱን ደፍቶ አለፈ።